የረቡዕ ድግስ

አንድ በሬ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እንዴት ይታረዳል?

ከቤይሩት ተምሬ ስመለስ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። አጎቴ ጋሼ ሀብተ ወልድ፣ የሸማ ተራው ጋቢ ነጋዴ፣ ለፓርላማ ይወዳደራሉ። በጃንሆይ አገር ፓርቲ የሚባል ነገር ስለሌለ ፓርቲያቸው እኔና አብሮ አደጌ አብዱልሰላም ነን። እኔ የራጉኤልን ክርስቲያን፣ እሱ ጉራግኛ ተናጋሪውን ሙስሊም ነጋዴ ልናመጣ ተካፍለናል። የጋሼ የምርጫ ምልክት ጃንጥላ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ዘርግተን ከአብነት እስከ ሸማ ተራ ስንሮጥ ገበያተኛው ይስቅብናል። ይሳቅ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የቀረው ድግሱ ነበር። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያኑ።

«ሁለት በሬ፣ ሁለት ድንኳን» አሉ ጋሼ።

«ፓርላማም ሁለት ሆነው ሊገቡ ነው?» አለ አብዱልሰላም። ወደ እኔ ዞረ። «ቦጌ፣ ቤይሩት ምን ስትማር ከረምክ? ዋና?»

ስንሳሳቅ ድንገት መጣልኝ። «ረቡዕ እናድርገው። ጾም ነው፤ ሥጋ የለ፣ ቢላዋ የለ። ሽሮና ምስር ማን ይጠየፋል?»

አብዱልሰላም ጀርባዬን መታኝ። ከዚያ ግን ኮስተር አለ። ጋሼ፣ ኢድ እንደ ገናና ፋሲካ የአገር በዓል ሆኖ እንዲከበር ፓርላማ እጠይቃለሁ ብለው ቃል ገብተውለት ነበር።

«እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ሁሉም ፊት ይናገሩልኝ» አላቸው። «ሽማግሌዎቻችንን የማመጣው እኔ ነኝ። ነገ ፊታቸውን የማየውም እኔው ነኝ።»

«እናገራለሁ» አሉ ጋሼ።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። የራጉኤል ሽማግሌና ቆብ ያደረገ የቆርቆሮ ነጋዴ ከአንድ ትሪ ሲጎራረሱ አየሁ። ከበሮው ይደልቃል፣ እልልታው ይቀልጣል፤ እኔ በርጩማ ላይ ወጥቼ ጃንጥላ አወዛውዛለሁ። ያሸነፍን መስሎኛል።

ጋሼ ተነሡ። ስለ ውኃ ቧንቧ ተናገሩ፣ ስለ መንገድ ተናገሩ። ኢድ ላይ ሲደርሱ የራጉኤልን ሰዎች አዩና ወደ አብዱልሰላም ጎንበስ አሉ።

«የቀረውን አንተ በጉራግኛ ንገራቸው።»

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እዚህ አማርኛ የማይሰማ የለም።»

«ብሉ እንጂ፣ ብሉ» ብለው ተቀመጡ። አብዱልሰላም እጁን ታጠበ፤ ጃንጥላውን በርጩማዬ ሥር አስቀምጦ ወጣ። ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት።

በማግሥቱ አጎቴን ስጨቀጭቅ ዋልኩ። በመጨረሻ «እሺ፣ ቅዳሜ እዚያው ድንኳን ሰው ሰብስቤ በአማርኛ እለዋለሁ። ግን እሱ አጠገቤ ይቁም» አሉ። አብዱልሰላም ፊት አልሰጥ ስላለኝ ወደ እህቱ ሰዓደት ጨርቅ ሱቅ ሮጥኩ።

«ቅዳሜ ጋሼ ሁሉም ፊት ይናገራሉ፤ ጃንጥላህን ይዤልሃለሁ፣ ና ብሎሃል በይልኝ።»

አርብ ስመለስ «ነግሬዋለሁ» አለችኝ።

«ምን አለ?»

ጨርቁን መለካቷን ቀጠለች።

ቅዳሜ ሲያካፋ ድንኳኑ በር ላይ ሁለት ጃንጥላ ይዤ ቆምኩ። አንዱን አልዘረጋሁትም።