የአክስቷ ቤት ወረርሽኝ

"እዚህ ጋ ምን ጉድ ነው ያለው?" አለች ዳይሬክተሯ፣ ግድግዳው ላይ የተወጠረው ካርታ ላይ ጣቷን ተክላ። "በአንድ ቤት ይሄ ሁሉ የስኳር ሕመምተኛ? ውኃው ይመርመር እንዴ?"

ካርታውን የሠራችው ሚጣ ጠጋ ብላ አየች። ሚጣ የቤት ስሟ ነው፤ ልጅ ወልዳ፣ በበጎ አድራጎት ድርጅቱ ውስጥ የመረጃ ባለሙያ ተብላ ወንበር ይዛ እንኳ ከዚህ ስም አልወጣችም። ጤና ጣቢያው የሰጣቸው መረጃ የሰው ስም የለበትም፤ በሽታና የቤት ቁጥር ብቻ ነው። እሱን ኮምፒውተር ውስጥ ከትታ፣ ሕመምተኛ የበዛበትን ቀይ፣ የሌለበትን ነጭ አድርጋ ያወጣችው እሷ ናት። ቁጥሩን ስታስገባ ልብ አላለችውም ነበር። አሁን በዳይሬክተሯ ጣት ሥር ቀልቶ ስታየው ግን አወቀችው። የአክስቷ ቤት ነው።

ውኃው ምንም አልሆነም። አክስቷንም ጉንፋን እንኳ ደፍሯት አያውቅም። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ጤና ጣቢያው የሚያክመው የላይኛውን ሰፈር ነዋሪ ብቻ ነው። ከዳገቱ ሥር ቤት የሠራው የታችኛው ሰፈር ሰው ሲታመም ላይ ያለ ዘመዱን የቤት ቁጥር ተውሶ ካርድ ያወጣል። ዘመድ የሌለው የሰው ዘመድ ይዋሳል። አክስቷ ደግሞ እምቢ ማለት ስላልፈጠረባት ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ በወረቀት ላይ ሆስፒታል አክሏል። የሚጣ አባትም ከነቁስል እግሩ በወረቀት እዚያው ነዋሪ ነው። የታችኛው ሰፈር ግን ካርታው ላይ ነጭ ነው፤ አንድም ሰው አልታመመበትም።

"ተንቀሳቃሽ ክሊኒኩን ከዚህ ቤት ደጃፍ እናቆመዋለን" አለች ዳይሬክተሯ። "መዝገቡ ላይ ያሉትን በሙሉ እበራቸው ላይ ያክማል። ቦርዱ ነገ ጠዋት ያጸድቀዋል።"

"እስከ ከሰዓት ጊዜ ይስጡኝ" አለች ሚጣ። "አንድ የማጣራው ነገር አለ።"

ታችኛው ሰፈር ወርዳ አባቷን ቤቱ በር ላይ አገኘችው፤ ከዳገቱ ተመልሶ፣ እግሩን ሳጥን ላይ ሰቅሎ ያለከልካል። ድሮ ግንበኛ ነበር፤ ይቺንም ቤት በገዛ እጁ ነው የገነባት። ጠዋት የተቀየረለት ፋሻ ቤት ሳይደርስ ደም አርሶታል። ሐኪሙ በዚህ እግር ዳገት ከወጣህ እንቆርጠዋለን ብሎታል፤ ፋሻው እንዲቀየር ደግሞ በዚያው እግር ዳገቱን መውጣት አለበት። አጠገቡ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ተቀምጣለች። እሷም ስኳር አለባት፤ ካርድ ግን የላትም። የጠየቀችው ዘግይታ ነው፣ ጣቢያው ጠርጥሮ በሚጣ አክስት ቤት አዲስ ሰው መመዝገብ ካቆመ በኋላ። ዓይኗ ደክሞ ክር በመርፌ ማስገባት ካቃታት ከርሟል።

ሚጣ ነገሩን አስረዳቻቸው። የክሊኒኩ መኪና ታች ወርዶ እንዲቆም ከተፈለገ፣ ሕመምተኛው የዚህ ሰፈር ሰው መሆኑን መናገር አለባት።

"ታዲያ ንገሪያቸው እንጂ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ይሄ ምን ይጠየቃል?"

"ተይ እስቲ" አለ አባቷ። "አንቺ ምን አለብሽ፣ የሚቀሙሽ ካርድ የለሽ።" ወደ ልጁ ዞረ። "ዛሬ ነገርሽ፣ ነገ ካርዳችንን ሰብስበው ያባርሩናል። መኪናው እስኪመጣ መድኃኒቱን ማን ይሰጠናል? የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብታችንን እንዳታስጥይን።"

"አባባ፣ እግርህ እኮ ዳገቱን አይችለውም።"

"ባይችልም ይወጣል። መድኃኒት ከማጣት እያነከሱ መውጣት ይሻላል።"

"እኔስ?" አለች ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ። "ዓይኔ እስኪጠፋ ልጠብቅ?"

አባቷ ጎንበስ ብሎ ፋሻውን አጠበቀ። ስንት ዘመን በአንድ አጥር የኖሩ፣ እሳት የተጫጫሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አሁን ግን አንዱ የሌላውን ፊት ማየት አቃተው። ሚጣ ሁለቱም አሳዘኗት፣ ሁለቱም አናደዷት። ከሁሉ በላይ ያናደዳት ግን ያ አምሮበት የተሠራ የራሷ ካርታ ነው።

ከሰዓት የዳይሬክተሯን ቢሮ በር ከኋላዋ ዘጋች። የማን ቤት እንደሆነ ሳትናገር ዙሪያ ጥምጥም ሄደች፤ ሰዎች ለመታከም ሲሉ የዘመድ አድራሻ እንደሚሰጡ፣ ነጩ ሰፈር ያልታመመ ሳይሆን ያልተቆጠረ መሆኑን።

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አወለቀች። "አምንሻለሁ። ግን መረጃው የጤና ጣቢያው ነው። ተሳስታችኋል ስላቸው ቀዩን ቤት የሚያውቅ ምስክር አምጪ ይሉኛል። ቤቱን ታውቂዋለሽ?"

"ቢያውቁት ሰዎቹን ምን ያደርጓቸዋል?"

"ካርዳቸውን ይሰርዛሉ። አይነኳቸውም ብዬ አልዋሽሽም።"

"እንግዲያው ታች ወርደን ቤት ለቤት እንቁጠር። እኔ ራሴ እቆጥራለሁ።"

"በጀቱ በዚህ ወር ይዘጋል። መኪናው ሳይመደብ ከተዘጋ ለማንም ሳይሆን ይቀራል። የታችኛውን ሰፈር ለሚቀጥለው ዓመት እቅድ ውስጥ እናስገባዋለን።" ከዚያ ጥያቄዋን ደገመችው። "ቤቱን ታውቂዋለሽ ወይ?"

ሚጣ አባቷንም አሰበች፣ ልብስ ሰፊዋንም አሰበች።

"አላውቀውም" አለች።

"እንግዲህ ካርታው ባለበት ይሂድ።"

ስትወጣ ዳይሬክተሯ ትከሻዋን ዳበስ አደረገቻት፤ ሚጣን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ እቤቷ ገብታ የምትረግመው ሰው ታገኝ ነበር።

ቅዳሜ የጭነት መኪና ተከራይታ አባቷ ደጅ አቆመች። ካርታውን ማስተካከል ካቃታት አባቷን ልታስተካክል ነው፤ በወረቀት የሚኖርበት ቤት ገብቶ በእውነትም ይኑርበት፣ ክሊኒኩ እደጁ ይመጣለታል። አክስቷ እንደ ልማዷ እምቢ አላለችም። አባቷ ግን "የገዛ ቤቴን ጥዬ በእርጅናዬ እህቴ ላይ ልጫን?" ብሎ አኩርፎ ነበር። በመጨረሻ ያሸነፈው እግሩ ነው።

ፍራሹን ከሾፌሩ ጋር ይዛ ስትወጣ ልብስ ሰፊዋ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር።

"ሚጣዬ፣ ነገርሻቸው?"

"ነገርኳቸው፣ እትዬ።"

"ምን አሉ?"

"መኪናው ወደዚህም ይመጣል አሉ። በሚቀጥለው ዓመት።"

"እሰይ፣ እሰይ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ዓመት ምን አላት።" ከዚያ ዓይኗን አጥብባ ፍራሹን አየች፣ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠውን ጎረቤቷንም አየች። "የሚመጣ ከሆነ ታዲያ አባትሽን ወዴት ነው የምትወስጂው?"

አባቷ ፊቱን ወደ ሾፌሩ ወንበር አዞረ። ሚጣ ፍራሹን ጫነች፣ ገመዱን አጠበቀች፣ አባቷ ጎን ገብታ ሾፌሩን "እንሂድ" አለችው።