የስቬንያ መቶ ዋት

ልጃችን ስቬንያ ሃምቡርግ ሥራ አግኝታ ከቤት ልትወጣ መሆኑን ስትነግረው፣ ባሌ ጌርኖት የሂሳብ ማሽኑን አነሳ። እውነቴን ነው! ሰው «መቼ? የት ልታድሪ?» ብሎ ይጠይቃል። እሱ ግን ቁጥሩን ሲነካካ ቆየና «መቶ ዋት ነው የምናጣው» አለ።

ቤታችን ራዲያተር የሚሉት የግድግዳ ማሞቂያ የለውም። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ባለ ሦስት ድርብ መስታወት ነው፤ አየር እንኳ በማሽን ካልሆነ አይገባበትም። የሚሞቀው በፀሐይ፣ በምድጃና በእኛው ገላ ነው፤ አንድ ሰው መቶ ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ዳርምሽታት ከተማ ዳር ስንሠራው ከተራ ቤት አሥር በመቶ የበለጠ ገንዘብ አስወጥቶናል፤ በምትኩ የዓመት የማሞቂያ ወጪያችን ከአንድ ደህና እራት አይበልጥም። ይህንን ጌርኖት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ለቆመ ሁሉ ያወራል። ችግሩ የቤቱ የሙቀት ስሌት ወረቀት ላይ «ነዋሪ፦ ሦስት ሰው» ይላል።

«አባዬ፣ እኔ ልጅህ ነኝ ወይስ ራዲያተር?» አለችው ስቬንያ።

«ራዲያተር ጥሎ አይሄድም» አላት።

ደሜ ፈላ። ባቡሯ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ልጄ አባቷ አንዴ እንኳ «ይቅናሽ» ሳይላት ልትሄድብኝ ነው። የእኔ ጭንቀት ይኸው ብቻ ነበር። እሱ የመቶ ዋቱን ምትክ ፍለጋ ገባ።

መጀመሪያ የጎረቤት ውሻ ተዋሰ። ውሻው ቀኑን ሙሉ በሩ ሥር ተኝቶ አለቀሰ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሐሙስ ዕለት የመንደሩን የወንዶች የዘፈን ማኅበር፣ አሥራ አራት ሰው፣ ሳሎናችን ውስጥ እንዲለማመድ ጠራ። እኔም ድንች ሰላጣ ሳዘጋጅ ዋልኩ።

«የሚዘፍን ሰው ከተቀመጠ ሰው ይበልጥ ይሞቃል» አለኝ በሹክሹክታ። «በተለይ ወፍራም ድምፅ ያላቸው!»

ቤቱ ሃያ ሰባት ዲግሪ ደረሰ። ጌርኖት የሙቀት መለኪያው ሥር ቆሞ ጥርሱ አልከደን አለ። ይሄኔ የማኅበሩ ሊቀመንበር ኤክበርት ላቡን ጠርጎ ተነሣና መስኮቶቹን ሁሉ ወለል አድርጎ ከፈተ። በጥር ወር፣ በዚያ በረዶ!

«ምን ማድረግህ ነው አንተ!» ጮኸ ጌርኖት።

«ቤት አየር መቀየር አለበት! እናትህ አላስተማረችህም እንዴ?»

ሌሎቹም «እውነቱን ነው» አሉ። የአሥራ አራት ሰው ሙቀት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጎዳና ላይ ወጣ።

ቅዳሜ ስቬንያ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። እሱ ከሶፋው ሳይነሣ «በሩን ዝጊው፣ ሙቀት ይወጣል» አላት። ዘጋችው። እስከ ባቡር ጣቢያ ድረስ አለቀሰች፤ እኔም አብሬ።

ስመለስ ጌርኖት ካፖርቱን ደርቦ፣ ቆቡን እስከ ጆሮው ስቦ ተቀምጧል። መለኪያውን አየሁት፤ ሃያ አንድ። ልጅቷ እያለችም ሃያ አንድ ነበር።

«መለኪያው ተበላሽቷል» አለኝ።

ሰኞ ባለሙያ አስጠራ። ሴትዮዋ አንድ ትልቅ ማራገቢያ በሩ ላይ ገጥማ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ፈተሸችው። ጨርሳ መሣሪያዋን እያነሳች «እንኳን ደስ አለዎት፤ አንዲት ቀዳዳ የለውም» አለችው። «መለኪያውም ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን በረደኝ?»

ሴትዮዋ ዞራ እኔን አየችኝ።

«አይ ጌርኖት! ደውልላት እንጂ!» አልኩት።

ደወለ። «ክፍልሽ ስንት ዲግሪ ነው?» አላት።

«አሥራ ስድስት። በመስኮቱ ነፋስ ይገባል፣ አባዬ።»

ቆቡን አወለቀ። «እዚህም አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ብርድ ነው» አላት። «መጣሁ።»

የመስኮት ማሸጊያውን ፕላስተር አራት ጥቅል በካፖርቱ ኪስ ጎሰጎሰና ወደ ጣቢያው ሮጠ። በሩን እንደተከፈተ ትቶት ነው የሄደው።

«በሩ!» ብላ ሴትዮዋ ልትዘጋው ተነሣች።

«ተዪው» አልኳት።