ሰባት ጠርሙስ ፎሶሊያ

ሎይስ የዓመቱን የመጨረሻ ሣጥን ከእርሻው አምጥታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስታራግፍ፣ ከካሮቱና ከቀይ ሥሩ መሀል አንዲት ወረቀት ወጣች። እርሻው በጸደይ ድርሻቸውን ከፍለው ለሚገቡ ሰዎች በየሐሙሱ ከአትክልቱ ጋር ወረቀት ይልካል። ሎይስ ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ወረቀት ምድጃ መለኮሻ ስታደርገው ኖራለች። ዘንድሮ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍት እየሄደች ማንበብ ትማራለች፤ ስለዚህ መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠችና ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች ጀመረች።

ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ። ፎሶሊያ በፈላ ውሃ ብቻ ከታሸገ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል፤ ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል፤ ክዳኑ በሚቆለፍ የእንፋሎት ድስት ያልታሸገ ካለ ሳይከፈት ይጣል ይላል።

ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደግማ አነበበችው። አልተሳሳተችም።

በነሐሴ የደረሳት ፎሶሊያ ለሰፈር የሚበቃ ነበር። እናቷ ታደርግ እንደነበረው ቀነጣጥባ፣ ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ በትልቁ ድስት ሦስት ሰዓት አፍልታ አሸገችው። ለክረምት ይሁናችሁ ብላ ሰባቱንም ጠርሙስ ለልጇ ለዳረል ቤት ሰጠች። ባለፈው እሑድ ምራቷ ሬኔ በስልክ፣ «ሁለቱን ጨረስናቸው እኮ፣ አይዳማ ሳህኗን ላሰችው» ብላታለች። አይዳ ሁለት ዓመቷ ነው።

ደወለች። ስልኩ አይነሳም። ካፖርቷን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቃ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

መንገዱ ሃያ ደቂቃ ነው። ማገዶ የጫነ መኪና ፊቷ ተደቅኖ ዳገቱን ያዘግማል። ምን ብላ እንደምትጀምር ጠፋት። ልጅሽን መርዣታለሁ ተብሎ እንዴት ይጀመራል?

ሬኔ ከቤቱ ጀርባ ፍልጥ ትደረድራለች። አይዳ የእንጨት ጉማጅ ላይ ተቀምጣ ዳቦ ታኝካለች። ሎይስ ሰላምታም ሳትሰጥ ልጅቷን ብድግ አደረገቻት።

«ሜሜ» አለች አይዳ፣ አያቷን የምትጠራበት ስም ነው፤ የዳቦውን ፍርፋሪም አንገቷ ላይ ለቀለቀችባት።

«ምን ሆነሽ ነው እማዬ? ካፖርትሽን እኮ በግማሽ ነው የለበስሽው።»

«ፎሶሊያውን መቼ ነው የበላችው? ሐኪም ቤት እንውሰዳት። አስተሻሸጌ ልክ አይደለም፣ ወረቀቱ ላይ አነበብኩት። ለሐኪሙ የምነግረው እኔው ነኝ።»

ሬኔ የያዘችውን ፍልጥ ቀስ ብላ አስቀመጠች። «አልበላችም።»

«ሳህኗን ላሰችው አላልሽኝም?»

«ነይ እስቲ» አለች ሬኔ።

ምድር ቤት ይዛት ወረደች። ከአሮጌ የቀለም ቆርቆሮዎች ጀርባ ሰባቱ ጠርሙሶች እንደታሸጉ ቆመዋል፤ አቧራ ለብሰዋል።

«ዋሽቼሽ ነው» አለች ሬኔ። «በድስት እንዳፈላሽው ስትነግሪኝ ያኔውኑ ገብቶኛል። ከእናትሽ የተማርሽው ነው፣ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? ዳረልም፣ ከነገርሻት ዳግመኛ ምንም አታመጣልንም አለኝ። ለራስሽ አንድም ስላላስቀረሽ፣ አንቺንም የሚያሰጋሽ ስለሌለ ነው ዝም ያልኩት።»

ሎይስ ልጅቷን እንደታቀፈች ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ልትቆጣ ሞከረች፤ አልመጣላትም። የአይዳን ፀጉር አሸተተች።

«ጨዉ ልክ ነው ብለሽኛል» አለች በመጨረሻ።

«ብዬሻለሁ።»

«ጨው አልጨመርኩበትም ነበር።»

ሬኔ አፏን በእጇ ያዘች። መጀመሪያ የሳቀችው ግን ሎይስ ናት።

ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ያልተከፈተ ካርቶን አየ፤ ሥዕሉ ክዳኑ የሚቆለፍ ድስት ነው። «ይሄስ?»

«የሠርግ ስጦታ ነው። እፈራዋለሁ። የአክስቴ ድስት ክዳኑ ተስፈንጥሮ ጣሪያ መትቷል።»

«መመሪያ አለው?»

«መጽሐፍ የሚያክል።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ካሮቴን ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ድስቱን አውጪ፣ እኔ አነባለሁ።»

ሰባቱን ጠርሙስ ሳይከፍቱ በከረጢት ጠቅልለው ጣሏቸው። ሎይስ ለፎሶሊያው ሳይሆን ለጠርሙሶቹ አዘነች፤ የእናቷ ነበሩ።

ቅዳሜ ድስቱ ምድጃ ላይ ተጣደ። ሬኔ አይዳን አቅፋ በሩ አጠገብ፣ ለመሮጥ በሚመች ቦታ ቆመች። ሎይስ መመሪያውን ጮክ ብላ ታነባለች። «ክብደቱን ክዳኑ ቀዳዳ ላይ ከማስቀመጥዎ በፊት እንፋሎቱ አሥር ደቂቃ ይውጣ» ይላል። አሥር ደቂቃ ጠበቁ። «የግፊት መለኪያው መርፌ» አለች፤ ቀጣዩ ቃል ረጅም ነበር፣ ከፋፍላ አነበበችው። ሬኔ አላቻኮለቻትም፤ መርፌውን ግን ከሩቅ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

ከሰዓት በኋላ ስድስት ጠርሙስ ካሮት ፎጣ ላይ ተደርድሮ ሲበርድ፣ ክዳኖቹ ተራ በተራ ወደ ውስጥ እየተሳቡ ቀጭ ይሉ ጀመር፤ በደንብ መታሸጋቸው ነው። አይዳ ቀጭ ባለ ቁጥር ታጨበጭባለች። አንዱ ዘገየ። ሁለቱ ሴቶች ጎንበስ ብለው ጠበቁት። ቀጭ አለ።

«እነዚህንስ» አለች ሎይስ መነጽሯን እያወለቀች፣ «ከቀለሙ ጀርባ ነው የምታስቀምጫቸው?»

«እሑድ መጥተሽ የመጀመሪያውን ራስሽ ክፈቺው» አለች ሬኔ። «ጨውም ይዘሽ ነይ።»