ሰባቱ

"'ሰባቱ፣ ሰባቱ! ተኝተሃል እንዴ? ድልድዩን ጨርሻለሁ፤ ኮረብታውን አንተ ያዝ።' ይህ የእርስዎ ድምፅ ነው፣ አቶ ኒሚ?"

ከርት ኒሚ የሬድዮ ንግግሩ የተገለበጠበትን ወረቀት አላየም። የሚያየው ወረቀቱን የያዘችውን ሴት ጥፍር ነበር፤ አጭር፣ ንጹሕ፣ ቀለም ያልተቀባ። ፓውላ ሬንዊክ ከአውራጃው ዋና መሥሪያ ቤት፣ ከሰው ሀብት ክፍል፣ በዚያ በረዶ አንድ ሰዓት ተኩል ነድታ የመጣችው ለዚህ ጉዳይ ብቻ ነው። ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም፤ የበረዶ መጥረጊያ መኪኖቹ ጋራዥ ቢሮ ውስጥ ያለው ማሞቂያ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፏል።

"የኔ ነው" አለ ከርት።

"ሰባቱ የሚባለው ማን ነው?"

"ዱዌን። ዱዌን ላፎንቴን።"

"ለምን ሰባቱ ተባለ?"

ይህ ደግሞ ይጠየቃል? በጋራዡ ቀርቶ በከተማው ነዳጅ ማደያ እንኳ የማያውቅ የለም። "ጣቶቹ ሰባት ስለሆኑ ነዋ" አለ።

ፓውላ ጻፈች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንዲያውም ስትጽፍ ትንሽ ያፈረች ትመስል ነበር። "አንድ ሰው አቤቱታ አቅርቧል" አለች። "ማን እንደሆነ ልነግርዎ አልችልም። የሥራ ባልደረባን በአካል ጉዳቱ መጥራት በአዲሱ የመከባበር ደንብ የተከለከለ ነው። እኔ እርስዎን ክፉ ሰው ነዎት እያልኩ አይደለም፣ አቶ ኒሚ።"

"እሺ።"

"ይህን ቅጽ ይሞሉልኛል። ከላይ ያለው የታተመ ነው፤ ጥፋትዎን አምነው ይቅርታ መጠየቅዎን ይገልጻል። ከታች ባለው ባዶ ቦታ የሆነውን በራስዎ ቃል ያስረዳሉ፤ አንድ ሁለት መስመር ይበቃል። ከፈረሙ የአንድ ቀን ሥልጠና ወስደው ነገሩ ያልቃል። ካልፈረሙ ሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ ይታገዳሉ፤ የቡድን መሪነትዎም ይነሣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚሁ ነኝ።"

ከርት አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በጸደይ ጡረታ ይወጣል፤ ጡረታው ደግሞ የሚታሰበው በቡድን መሪነት ደመወዙ ነው። ይህን ሁሉ ያውቃል። ቢያውቅም ደረቱ ውስጥ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል፤ በዚህ ጋራዥ ግን ስም የሚወጣው ከከርት አፍ ነው። እሱን ራሱን ሁሉንም ስለሚያጠምቅ "ቄሱ" ይሉታል። መካኒኩ ቶድ ማርቼቲ ሽንኩርት በጥሬው እንደ ፖም ሲገምጥ ታይቶ "ሽንኩርት" ሆነ። የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪዋ ጃኒስ ፔልኪ፣ ራሷም የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነጂ ናት፣ በመጣች በሳምንቷ "ጄኔራል" ተባለች። ስሞቹ በየልብስ ሣጥኑ በር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፈዋል። ስም ያላገኘ አዲስ ሰው ገና እንዳልተቀጠረ ነው የሚቆጠረው።

ምሳ ክፍል ሲገባ ቶድ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየተሟገተ ነበር።

"ወይ ዘመን! አምና የገና ግብዣችንን 'የክረምት መሰባሰቢያ' አሉት፤ ዝም አልን። ከግድግዳው ላይ የሴት ሥዕል ያለበትን የቀን መቁጠሪያችንን አወረዱ፤ ዝም አልን። ዘንድሮ ስማችንን? ነገ ደግሞ ሚስትህን 'የኑሮ ባልደረባዬ' በላት ይሉሃል!"

"አንተንማ ጥላህ ከሄደች ሦስት ዓመቷ" አለች ጃኒስ ፓስቲዋን እየቆረሰች። "ምን ብትላት ትሰማህ ይመስል!"

ቶድ ራሱ ሳይቀር ሳቀ። ከርት ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ጃኒስ ጣቷን ጠርጋ አነበበችው።

"ስማኝ ቄሱ" አለች፤ "ወረቀት ነው። ፈርምና ተገላገል። ጡረታህ ላይ አትጫወት።"

"እንዳትፈርም!" አለ ቶድ። "አንተ ከፈረምክ በሁላችንም ላይ ፈረምክ ማለት ነው። ቀልድ የማያውቅ ሰው ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ይሥራ። እኔን ሽንኩርት ሲሉኝ ተከፋሁ? ሽንኩርት ነኛ!"

"እኔ ተከፍቻለሁ" አለች ጃኒስ።

"በምኑ?"

"ጄኔራል በምትሉት። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠልቼዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው አልተናገርሽም?"

"ለማን? ለናንተ? በማግስቱ 'አልቃሻዋ' ልትሉኝ?"

ማንም አልሳቀም። ቶድ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ፤ ከዚያ ጃኒስን በዓይኑ ጥግ አያት። ምን እንዳሰበ ከርት ገብቶታል፤ ጃኒስም ገብቷታል።

"እኔ አይደለሁም" አለች። "ከጠዋት ጀምሮ ሁላችሁም እንደ ሌባ ታዩኛላችሁ። ብከስ ኖሮ ዓይናችሁ እያየ ነበር የምከሳችሁ።"

ምን ይደረግ፣ እንዲህ ሆነ። ትናንት አንዱ የሌላውን ሲጋራ ሳይጠይቅ ያወጣ የነበረ ቤት፣ ዛሬ ቡና ሲቀዳ እንኳ በጎሪጥ የሚተያይ ሆነ። ከርት ግን ማንንም አልጠረጠረም፤ ለመጠርጠር የሚሆን ጉልበት አጣ። አንድ ነገር ብቻ አሰበ። ዱዌን አለ። ዱዌን ራሱ በስሙ ይስቅ የለም እንዴ? አምሳ ዓመት ሲሞላው ጓደኞቹ ሰባት ቁጥር የተጠለፈበት ኮፍያ ሰጥተውት እስኪነትብ አድርጎታል። ዱዌን ገብቶ "ቀልድ ነው፣ ግድ የለኝም" ካለ ሴትዮዋ ቅጿን ይዛ ትመለሳለች።

ዱዌን መኪና ማጠቢያው ውስጥ ነበር። በግራ እጁ፣ በሁለቱ በቀሩት ጣቶች፣ ቱቦውን ደግፎ ከመኪናው ሆድ ላይ ጨው ያጥባል። ከርትን ሲያይ ውኃውን አልዘጋም።

"ሰማህ?" አለ ከርት።

"ሰማሁ።"

"አንተ አይደለህም ያመለከትከው?"

"አይደለሁም።"

"አውቄ ነበር። በል እንግዲህ ግባና ለሴትዮዋ ንገራት። ስሙን እወደዋለሁ በላት፤ ትተወን።"

ዱዌን ውኃውን ዘጋ። "እሱን አልላትም።"

"ለምን?"

"ስለማልወደው።"

ከርት ሳቀ። ዱዌን አልሳቀም።

"ኮፍያውስ?"

"ሰጣችሁኝ፣ አደረግኩት። አሥራ ሁለት ሰው ዙሪያዬን ቆሞ እያጨበጨበ ምን ልበል?"

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትስቅ ነበር እኮ፣ አንተ ሰው!"

ዱዌን ቱቦውን መጠቅለል ጀመረ። ሲናገር አልተቆጣም፤ ስለ አየሩ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። "እጄን አላነሳሁም ነበር፣ ከርት።"

የበረዶ መጥረጊያው ብረት ከመኪናው አፍንጫ ላይ ሲገጠም ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከፊት ሆኖ ማያያዣውን ያስተካክላል፤ ሌላው ወንበሩ ላይ ሆኖ ማንሻውን ይዞ ይጠብቃል። የፊተኛው ወጥቶ እጁን ከፍ አድርጎ ሲያሳይ ብቻ ነው ብረቱ የሚወርደው። እዚህ ሥራ ላይ ሕፃን የሚያውቀው ሕግ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በየካቲት፣ ከፊት የነበረው ዱዌን ነው፤ ማንሻውን የያዘው ከርት። ዱዌን ሆስፒታል ሳለ የያኔው አለቃ "ብረቱ በራሱ ወረደ" ብሎ ሪፖርት ጻፈ፤ ከርትም ፈረመ። አለቃው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው አንስቶት አያውቅም።

"አውቃለሁ" አለ ከርት።

"በሁለተኛው ቀን ሆስፒታል መጣህ። ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። በሩ ላይ ቆመህ 'እንዴት ነህ፣ ሰባቱ' አልከኝ። ካልሳቅኩ በመስኮቱ የምትዘል መስሎኝ ሳቅኩልህ። ከዚያ ወዲያ ማቆሚያ አጣሁለት። አንተ በጠራኸኝ ቁጥር እስቃለሁ፤ እኔ በሳቅኩ ቁጥር አንተ ትጠራኛለህ።"

ከርት ዓይኑን ወደሚንጠባጠበው መኪና አዞረ።

"ስሙን ለምጄዋለሁ" አለ ዱዌን። "ሴትዮዋ ይቅርታ ጠይቅ የምትልህ ለስሙ ነው። ስሙ እንቅልፍ አይነሳኝም። አንተ ግን ስም አወጣህልኝ እንጂ ይቅርታ አልጠየቅከኝም።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ከርት ግን የወጋም ሆኖ አልረሳም ነበር። በየቀኑ በሬድዮ ይጠራው የነበረው ለምን ሆነና! እየጠራው፣ መልስ እየሰማ፣ ዛሬም አልተጣላኝም እያለ ውሎ ይገባ ነበር። አሁን መናገር ነበረበት፤ ሁለት ቃል ነው። አፉን ከፈተ።

"የኋላ ጎማው ላይ ጨው ቀርቷል" አለ በመጨረሻ።

ዱዌን ዞሮ አየ። "አይቼዋለሁ" አለና ቱቦውን መልሶ ዘረጋው።

ከርት ወደ ራሱ መጥረጊያ መኪና ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩን አላስነሳም። ማልቀስ ይገባው እንደነበር ያውቃል፤ አላለቀሰም። ዱዌን ላይ መናደድም ሞከረ፤ "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልከኝ" ብሎ ለራሱ አጉረመረመ፤ እሱም አልሆነለትም። ያየው ያንን ማንሻ ነው። መኪናው ተለውጧል፣ ማንሻው ግን ያው ጥቁር ጭንቅላት ያለው ብረት ነው። ያን ቀን የለቀቀበት ምክንያት ደግሞ ሲያስበው የሚያፍርበት ነበር። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ርቦት ነበር። ሌላ ምንም የለም።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወረደ። በምሳ ክፍሉ ሲያልፍ ቶድ "እንዳትንበረከክላቸው!" አለው፤ ጃኒስ ደግሞ "ተወው በቃ፣ ለሰውየው ትንፋሽ ስጠው" አለች። ለሁለቱም አልመለሰም።

ፓውላ ማሞቂያውን ለማስነሳት እየታገለች ነበር። ስታየው ቀና አለች። "ጊዜ ወስደው ስላሰቡበት አመሰግናለሁ" አለች።

ከርት ተቀመጠና ብዕር ጠየቀ። ከላይ የታተመውን አላነበበም። ከታች ባለው ባዶ ቦታ መጻፍ ጀመረ። የእጅ ጽሑፉ ትልልቅና ዝግ ያለ ነው፤ በሕይወቱ ከሰዓት መፈረሚያና ከነዳጅ ወረቀት በቀር ብዙ ጽፎ አያውቅም። ቦታው አልበቃው ሲል ጠርዝ ጠርዙን ይዞ ሄደ። ሲጨርስ ገፋላት።

ፓውላ ለራሷ በሚሰማ ድምፅ አነበበች። "'ዱዌንን ሰባቱ ያልኩት ሦስቱን ጣቶቹን እኔ ስለቆረጥኳቸው ነው። እጁን ሳያነሳ ማንሻውን ለቀቅኩት። ምሳ ሰዓት ደርሶ ቸኩዬ ነበር። ብረቱ በራሱ አልወረደም። ሪፖርቱ ውሸት ነው፤ እኔም ፈርሜበታለሁ። ሆስፒታል ስሄድ ይቅርታ ማለት ከበደኝና ቀለድኩ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ዱዌን።'"

ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው።

"አቶ ኒሚ፣ ይህ… እኛ የጠየቅንዎት ይህን አይደለም።"

"የሆነውን በራስዎ ቃል ይላል።"

"ስለ ስሙ እኮ ነው።"

"ስለ ስሙ ነው የጻፍኩት።"

ፓውላ ወደ በሩ ተመለከተች፤ ዝግ ነው። ቦርሳዋን ከፍታ ሌላ ንጹሕ ቅጽ አወጣችና ፊቱ አስቀመጠችው። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ያንን ካስገባሁት ነገሩ ከእጄ ይወጣል። ወደ ሥራ ደኅንነት ክፍል ይሄዳል። የቡድን መሪነትዎ፣ ጡረታዎ፣ ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። የመጣሁት ለአንድ ቅጽል ስም ነው፤ ሰው ላጠፋ አልመጣሁም። እዚህኛው ላይ ስምዎን ብቻ ይፈርሙ፤ የታችኛውን 'ቀልድ መስሎኝ ነው' ብለው ይለፉት። የመጀመሪያውን እኔ እቀደዋለሁ።"

ከርት ንጹሑን ቅጽ አየው። ጥሩ ወረቀት ነው። አሁንም ፍርሃት አልተሰማውም፤ እፎይታም አልተሰማውም። ሴትዮዋ ደግ መሆኗ ገባው፤ በዚህም አዘነላት። እጁን ዘረጋና ከፊቷ የነበረውን፣ የጻፈበትን ወረቀት ጎትቶ ከግርጌው ፈረመ። ቀኑንም ጻፈ።

"ቅጂ ይሰጡኛል?" አለ።

"ለማኅበሩ ነው?"

"አይደለም" አለ ከርት። "ለዱዌን ነው።"