ኔሪ ዝም ያለ ዕለት

አማቴ ዶኛ ኦብዱሊያ ዘጠኝ ወልደው ሰባቱን ያሳደጉ ሴት ናቸው። እኔ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት፣ የወለድኩትም አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በቤታችን ስለ ሕፃን ክርክር ከተነሣ ማን እንደሚረታ ይታወቃል።

የስምንት ወር ልጄን ኔሪን ሰኞ ዕለት ተቅማጥ ያዘው። ማክሰኞ ትውከት ጨመረበት። ባሌ ኤልመር ለቡና ለቀማ ማርካላ ሄዷል። ቢኖርም የሚሰማው እናቱን ነው።

ረቡዕ ጠዋት አማቴ የልጁን አናት ዳሰሱና፣ "እርግብግቢቱ ወድቋል" አሉ። እውነትም ጎድጎድ ብሏል። በእኛ መንደር እርግብግቢቱ የወደቀ ልጅ ሐኪም ጋ አይወሰድም፤ መርፌ ከነካው ይሞታል ይባላል። የሚወሰደው ዶኛ ቶማሳ ጋ ነው፤ የወደቀውን የሚያነሡት እሳቸው ናቸው።

ዶኛ ቶማሳ ልጄን በቁርጭምጭሚቱ ይዘው እንደ ዶሮ ዘቀዘቁትና ውስጥ እግሩን ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን አፉ ውስጥ ከተው ላንቃውን ወደ ላይ ገፉ። ኔሪ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እስኪመልስለት ጮኸ። ዕንባ ግን ጠብ አላለውም።

"ያለ ዕንባ የሚያለቅስ ተንኮለኛ ነው" አሉ ዶኛ ቶማሳ፣ ለዋጋቸው ያመጣንላቸውን እንቁላል ተቀብለው ሲሸኙን።

ከሰዓት በኋላ ተቅማጡ ቆመ። ጩኸቱም ቆመ። አማቴ ደጅ ወጥተው፣ "የቶማሳ እጅ ይባረክ! ለጥ ብሎ ተኝቶላችኋል!" እያሉ ለጎረቤት አወሩ።

እኔ የሽንት ጨርቁን ላጥብ ብዬ ፈታሁት። ጎሕ ሲቀድ ያሰርኩለት ጨርቅ ነው፤ ደረቅ ነው። ጡቴን ሰጠሁት፣ አልያዘውም። ሁልጊዜ ካልበጠስኩ የሚለውን ጉትቻዬን አስጠጋሁለት። ዓይኑ በሩ ላይ ነው፤ በሩ ላይ ማንም የለም።

"ጤና ጣቢያ ልወስደው ነው" አልኳቸው።

"አብደሻል እንዴ? በመርፌ ልታስገድይው? ገና አሁን ተሽሎት! ይኸው ዝም ብሎ የለ!"

"ማይኖርም ዝም ብሎ ነበር።"

"ማነው ደግሞ ማይኖር?"

ለማንም ተናግሬው አላውቅም። "ታናሽ ወንድሜ ነው" አልኩ። "እናቴ ለቀማ ስትውል እኔ ነበርኩ የማዝለው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሱ አንድ። ሁለት ቀን ሲያስቀምጠውና ሲነጫነጭ ቆየና በሦስተኛው ቀን ዝም አለ። ደስ አለኝ፣ ዶኛ ኦብዱሊያ። እፎይ፣ ጀርባዬ ዐረፈ ብዬ አስተኛሁትና ውጪ ገመድ ዘለልኩ። እናቴ ስትመጣ ቀዝቅዟል።"

ምድጃው ላይ የበቆሎ ቂጣው፣ ቶርቲያው፣ እያረረ ነበር፤ አማቴ ዞር ብለውም አላዩትም። ሻርፓቸውን አናታቸው ላይ ጣል አደረጉና፣ "ታዲያ ምን ይገትርሻል? ሂጂ እንጂ!" አሉኝ።

ጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት ቁልቁለት ነው። እየተቀባበልን ወረድን። አማቴ በየመታጠፊያው ጣታቸውን አፍንጫው ሥር ያደርጉና፣ "አለ" ይላሉ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደቆመ ቆየ።

"መቼ ነው የሸናው?"

"ጎሕ ከመቅደዱ በፊት።"

ሌላ አልጠየቀችኝም። ግሉኮስ ሰቀለችና መርፌውን ክንዱ ላይ ሰካች። ልጄ ንቅንቅ አላለም። አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የሚሞትበትን ደቂቃ ጠበቁ። እኔም ፈራሁ። የሚባለው እውነት ቢሆንስ? ገዳዩ እኔ ነኝ ማለት ነው፣ ያውም ለሁለተኛ ጊዜ።

አንዱ ጠርሙስ አልቆ ሁለተኛው ሲጋመስ ኔሪ አፉን ከፈተና ጮኸ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ክፍሉን አናወጠው። ጥርሷን አሟት ጉንጯን ይዛ አጠገባችን የተቀመጠች ሴት፣ "ኧረ ይሄን ልጅ አንድ በሉት! ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው!" አለች።

አማቴ ከግድግዳው ዞር አሉ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ካላስቻለሽ ውጪ ተቀመጪ!" አሉ። "ይጩህ! ጩህ የኔ ጌታ፣ ጩህ! እንዳታቆም!"

እኔም ጎንበስ ብዬ ጩህ አልኩት።