የቅዳሜው ዝናብ

“ቅዳሜ በትራክተር ሁለት ዙር ሄድን። ሁለቱንም ጊዜ የሱን ቦታ ክፍት ትተን ነው የዞርነው” አሉ ዴልበርት፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። “ኦርቪል ከሰልፉ ቀርቶ አያውቅማ! ይደርሳል ብለን።”

ማርሊስ ጀርባዋን ሰጥታቸው ሳህን ታጥባለች። አባቷ ኦርቪል ማክሰኞ ከሞተ ወዲህ የእናቷ ወጥ ቤት ጎረቤት ባመጣው ድንችና የአሳማ ሥጋ ተጨናንቋል። ከየሳህኑ ሥር የባለቤቱ ስም በፕላስተር ተለጥፏል፣ ሳይጠፋ እንዲመለስ። ቀብሩ ነገ ነው። እስከዚያ ያንን ቅዳሜ ማንም ባያነሳው ብላ ስትመኝ ነበር፤ እኚህ የአባቷ የዕድሜ ልክ ጓደኛ ግን ቡናቸውን እንኳ ሳይቀምሱ አነሱት።

“ነገ ሬሳውን በትራክተር እንሸኘዋለን” ቀጠሉ ዴልበርት። “ያንን ቀይ ቁርጥራጭ ብረቱን ማርሊስ ትንዳው ብዬ ነው የመጣሁት። እኔማ አልነካውም፣ ዕድሜ ልኩን አረንጓዴ ትራክተር የነዳ ሰው በተፎካካሪው ቀይ ላይ ቢታይ ኦርቪል ከሳጥኑ ተነስቶ ይስቅብኛል።”

እናቷ አርዲስ ፈገግ አለች። ማርሊስ አልቻለችም።

በየዓመቱ ወደሚደረገው የድሮ የእርሻ መኪናዎች ትርኢት አባቷ መጀመሪያ የወሰዳት ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ነበር። በእንፋሎት የሚሠራው መውቂያ ሲያፏጭ ጆሮዋን ይዛ ጮኸች፤ እሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀባት። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ከሚሸጡት የፖም ኬክ ሁለት ቁራጭ ገዛላትና ለእናቷ እንዳትናገር አስማላት። ከሰዓት በኋላ ትራክተሮቹ እንደ ዕድሜያቸው ሲሰለፉ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪውን አስያዛት። ከፊታቸው አንድ ትራክተር የሚያስገባ ክፍት ቦታ ነበር።

“አባዬ፣ ለምን አንጠጋም?”

“የኤድጋር ቦታ ነው። ዘንድሮ አሞታል።”

“ካልመጣስ?”

“ባይመጣም የሱ ነው።”

ኋላ ኋላ ወሳጇ እሷ ሆነች። አምና ትርኢቱ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ክንዱን ይዛ ሽንት ቤት ስታመላልሰው፣ ሱሪው ረጥቦ ሰው ሲያየው፣ አፈረች። በማፈሯም አፈረች። ዘንድሮ ግን፣ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከከተማ ደወለችለት።

“አባዬ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሜዳው ጭቃ ሆኗል አሉ። ትርኢቱ ቀርቷል።”

“ዝናብ ከሆነ ምን ይደረጋል” አላት።

ስልኩን ዘግታ ተመልሳ ተኛች፤ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ከጓደኞቿ ጋር ዓሣ በላች። ጣፍጧት ነበር። አሁን የሚያንገበግባት ይኸው ነው፣ ጣፍጧት ነበር።

“ትርኢቱ በዝናብ ተሰርዟል ተብሎ ነው እኮ የቀረው” አለች አርዲስ፣ ቀስ ብላ።

“የምን ዝናብ?” ዴልበርት መነጽራቸውን አድርገው ግድግዳው ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ ተጠጉ። ኦርቪል አርባ ዓመት ሙሉ በየማለዳው አጥሩ ላይ ያለውን የዝናብ መለኪያ አንብቦ የሚጽፍበት ነው። “ቅዳሜ... አንድ ኢንች? የኔ አኩሪ አተር አቧራ ለብሶ ነው የዋለው! ሜዳው ከዚህ ሦስት ማይል አይሆንም። እኔ ትንሽ ጨምሬ ሳወራ ሰው ፊት የሚያርመኝ ሰው እንዴት...”

ማርሊስ ዞረች። በቅዳሜው ሳጥን ውስጥ የአባቷ የእርሳስ ጽሑፍ አለ፤ አንድ ኢንች። ከውሸት ሁሉ መርጣ ይህን ሰው በዝናብ ዋሽታዋለች። እሱም ወጥቶ ደረቁን መለኪያ አይቷል፣ ገብቶም ውሸቷን በእጁ ጽፎላታል።

“አልዘነበም” አለች። ውሃው ከእጇ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። “እኔ ነኝ የዋሸሁት። እሱን መውሰድ ሰልችቶኝ ነው።”

ዴልበርት ባርኔጣቸውን ማገላበጥ ጀመሩ።

“አውቃለሁ” አለች አርዲስ። “ያን ቀን አንሶላ አስጥቼ እስከ ቀትር ደርቋል።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?” አለቻት ማርሊስ።

“ቱታውን ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ ሲጠብቅሽ ነበር። ስልኩን ሲዘጋ ወጣ፣ መለኪያውን አየ፣ ተመልሶ ጻፈ። ‘ዘንቧል፣ አርዲስ’ አለኝና ቱታውን አወለቀ። እሱ ዘንቧል ካለ እኔ ምን ልበል?”

ማርሊስ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አለቀሰች። ዴልበርት ቆመው ጠበቋት። ሲሄዱ በሩ ላይ ዞር አሉ።

“ነገ ቀዩን በጊዜ አስነሺው። ሞተሩ እስኪሞቅ ያስቸግራል።”

ከሄዱ በኋላ በክር ከተንጠለጠለው እርሳስ ጀርባ ያለውን ላጲስ ወደ ቅዳሜ አስጠጋች።

“ተይው” አለች እናቷ። “እሱ የጻፈው ነው።”

ማርሊስ ተወችው። ወደ አጥሩ ወጣች። መለኪያው ውስጥ የደረቀች ዝንብ ብቻ አለች፤ ነቅላ አራገፈችው፣ በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ ቦታው መለሰችው። ገብታ፣ ማክሰኞ ማለዳ እሱ ከጻፈው ዜሮ ቀጥሎ ያሉትን ባዶ ሳጥኖች አየች። እርሳሱን ይዛ በዛሬው ላይ ዜሮ ጻፈች።