ማኅተም ያረፈበት ወሬ

የነስራና የኤልሚ ኒካህ ሊታሰር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንድ ወሬ ከቀብሪበያ በሚኒባስ ተሳፍሮ ጅጅጋ ገባ። ነስራ የኤልሚን ሟች እናት ጡት ጠብታለች አሉ። ጡት የተጋሩ ደግሞ እህትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም። ነስራ ይህን የሰማችው ሂና እየተቀባች ነበር። አንድ እጇ ሳይቀባ ተነሥታ በባጃጅ ወደ ቤቷ በረረች።

የወሬውን ምንጭ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ እሷንና ወንድሟን ዐብዲፈታህን ያሳደጓቸው «ኤዶ» የሚሏቸው አክስታቸው ኢዲል ናቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ አፋቸው ግን መዝጊያ የለውም።

«ቀብሪበያ ስሄድ እኔ ክፉ አላወራሁም» አሉ ኤዶ። «ሟቿ የእናታችሁን በኩር አጥብታለች አልኩ። በኩሩ ማን ነው ቢሉኝ...»

«ዐብዲፈታህ ነዋ!»

«ቅዳሜ የዋንጫ ጨዋታ አለበት» አሉ ኤዶ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ነስራ ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። ዐብዲፈታህ የሰፈሩ ወጣት ቡድን አምበል ነው፤ ውድድሩ ከሃያ ሦስት ዓመት በታች ነው፤ እሱ ደግሞ ሃያ ሦስትን ከተሰናበተ ቆይቷል። መታወቂያ ሲያወጣ ኤዶ አብረውት ሄደው «ታናሿ ነው» ብለው ምለውለታል። ጽሑፉ ላይ ነስራ ታላቅ፣ እሱ ታናሽ ሆነው ቀሩ። እሷም ስትስቅበት ኖራ ነበር፤ አሁን ግን አላሳቃትም።

«እስከ ቅዳሜ ታገሺኝ» አላት ወንድሟ፣ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ እየሳበ።

«ኒካሁ እኮ ሐሙስ ነው!» ብላ ጫማ ወረወረችበት።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ሼኹ መሐል ተቀመጡ፤ የጉድ ቀን አይመሽምና የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። ነስራ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ኋላ ሆና በቀዳዳ ታያለች።

«ባለቤቴ የጎረቤታችንን በኩር ማጥባቷን ነግራኛለች» አሉ የኤልሚ አባት ሐጂ። «ሁለተኛው ሳይወለድ ባቢሌ ገባን። ወንድ ይሁን ሴት አልጠየቅኳትም፤ ያኔ ግመል ተከትዬ ሩቅ ነበርኩ።»

ሼኹ መታወቂያዎቹን አስመጥተው አገላበጡ። «ወሬው ታላቋ ናት ይላል፤ መታወቂያውም ያንኑ ይላል። እንግዲህ ኒካህ የለም።»

ኤልሚ ምንጣፉ ላይ አቀረቀረ። ነስራ መጋረጃውን ጨበጠች። ያ መታወቂያ ምንድን ነው? የኤዶ ወሬ ማኅተም አርፎበት! ግን ሙሽራ ለራሷ አትመሰክርም። የቀራት ማሳል ብቻ ነበርና አሳለች፤ ደግማም አሳለች።

ዐብዲፈታህ ቀና አለ። መጋረጃውን አየ፣ ሼኹን አየ፣ ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ። ግንባሩ እስከ መሐል አናቱ ድረስ ተመልጦ ያበራል።

«ሼኽ፣ ይኼ ከሃያ ሦስት ዓመት በታች የሆነ ራስ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኤዶ ኢዲል መጋረጃውን ገልጠው «ወላሂ ዕድሜውን ያስቀነስኩለት እኔ ነኝ፣ በኩሩ እሱ ነው!» ብለው ጮኹ። ሼኹ ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፍነው «ኒካሁ ይቀጥል» አሉ። «አንተ ግን ቅዳሜ አትጫወትም።»

ዐብዲፈታህ እህቱን ሊድር ወደ ቦታው ሲመለስ ሐጂ እጁን ያዙት። «ሚስቴ ካጠባችህማ ልጄ ነህ። ወደ እኛ ጎን ና።»

«እህቴን ማን ይድራት ታዲያ?»

«ከዚሁ ሆነህ ዳራት።» የሐጂን ክንድ ትከሻው ላይ እንደተሸከመ ዳራት።

ቅዳሜ ቡድኑ ያለ አምበሉ ገብቶ በጎል እየተመራ ነበር። ነስራና ኤልሚ፣ ዐብዲፈታህና ሐጂ ከተቀመጡበት ጎን ሆነው ያያሉ። ሐጂ በዕድሜያቸው ኳስ ሜዳ ረግጠው አያውቁም፤ ግን ብድግ ብለው በትራቸውን ወደ ዳኛው ቀሰሩ።

«ልጄን ለምን አታስገባውም?»

አባቱ ከሞቱ ወዲህ ለዐብዲፈታህ እንዲህ የጮኸለት ሰው አልነበረም። ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ሳበው፤ ነስራ ግን ዕንባውን አይታለች።